ስለ ኢንተርኔትና ስለ ልጆች ጥበቃ፤ ለባላገር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተጻፈ

በባላገር ቤት ከብቱ ገብቶ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ውሻው ይጮኻል፤ ቀጥሎም የቤቱ ጌታ ይነሣና «ማነህ? ከወዴት መጣህ? አገርህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳውም «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ፊቱ በብርሃን ታይቶ፥ አነጋገሩም ተመርምሮ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፥ ራቱም ይቀርብለታል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ቢከበርም ከቤቱ ጌታ ዐይን ተሰውሮ ከልጆች ጋር ለብቻው እንዲቀመጥ አይደረግም። እንግዳን ማክበርና ልጅን መጠበቅ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩበትን ይህን ጥበብ የተቀበልነው ከአባቶቻችን ነው።

አሁን ግን በደጅ ሳያልፍ፥ ውሻም ሳይጮኽበት፥ ስሙንም ሳይጠየቅ ከልጅ መኝታ አጠገብ የሚደርስ እንግዳ መጥቷል። ይህም በኢንተርኔት የሚመጣው እንግዳ ነው። ከነዚህ እንግዶች ብዙዎቹ ደጎችና ጠቃሚዎች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ልጅን የሚያጠምዱ ናቸው። ስለዚህ መምህራንና የአገር ሽማግሎች የነገሩን አመጣጥ ዐውቀው ልጆችን እንዲጠብቁ፥ ይልቁንም ጉዳት የደረሰበትን ልጅ እንዴት መቀበል እንደሚገባ እንዲረዱ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ምናልባት ከሽማግሎች አንዱ «እኔ የስልኩን ነገር አላውቅም፤ ይህ የልጆች ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። እንደዚህ እንዳይል እንለምነዋለን። የስልኩን አሠራር ባያውቅ የሰውን ጠባይ ያውቃልና፤ ልጅን የሚጎዳውም በስልኩ ጀርባ ያለው ሰው ነውና።

ኢንተርኔት ምን እንደ ሆነ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ በሽቦ ተጉዞ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ኢንተርኔት ደግሞ በዓለም ሁሉ ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በሽቦና በአየር ሞገድ ተያይዘው ጽሑፍን፥ ድምፅንና ፎቶግራፍን እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡበት መንገድ ነው። መጀመሪያው በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ጥቂት ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማያያዝ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ቤት ሲሠራ ዛሬ ሕዝብ ሁሉ የሚያነበውን የድረ ገጽ ሥርዓት አሰበ። ወደ አገራችንም ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገባ። አስቀድሞ በአዲስ አበባ በጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይገኝ የነበረው ዛሬ በእጅ ስልክ ወደ ገጠር ወርዷል፤ ከብት ጥበቃ የወጣ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ያገኝበታል፤ ገበሬው የእህልን ዋጋ ይጠይቅበታል፤ እናት ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ልጇን ፊቷን እያየች ታነጋግርበታለች። ኩራዝ ቤት ያቃጥላል ተብሎ በጨለማ እንደማይታደር፥ ኢንተርኔትም ሰው ይጎዳል ተብሎ ፈጽሞ የሚከለከል አይደለም። ከቤት ቢከለከልም ልጁ ከባልንጀራው ስልክ ያገኘዋል፤ በዚያን ጊዜም የሚያየውን ከማየቱ በላይ ከእኛ መሸሸግን ይማራል።

የአደጋውን ሥር ለማወቅ ሁለት ነገሮችን ብቻ መረዳት ይበቃል።

አንደኛው የቅጂ ነገር ነው። ደብዳቤ በመልእክተኛ የተላከ እንደ ሆነ ወረቀቱ አንድ ነው፤ ከላኪው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ እጅ ይገባል፤ ተቀባዩም ቢያቃጥለው ይጠፋል። በኢንተርኔት የሚሄደው ግን ቅጂ ነው። ልጅ አንድ ፎቶግራፍ የላከ እንደ ሆነ አንዱ በእርሱ ስልክ፥ አንዱ በተቀባዩ ስልክ፥ አንዱም መልእክቱን በሚያመላልሰው ኩባንያ ኮምፒውተር ሊቀመጥ ይችላል። ተቀባዩ ደግሞ በቅጽበት ለመቶ ሰው ሊያካፍለው ይችላል። «ካፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ነገር ከምንጊዜውም ይልቅ የተስማማ ነው። ፎቶግራፉ በአንድ ጊዜ ታይቶ ይጠፋል የሚል ተስፋ የሚሰጡ መሣሪያዎች ቢኖሩም፥ ተቀባዩ የስልኩን ገጽ ስክሪንሹት በሚባለው መንገድ ቀርጾ ሊያስቀረው ስለሚችል ተስፋው የሚታመን አይደለም።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። በፌስቡክ፥ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ማንም ሰው የፈለገውን ስምና የሌላ ሰው ፎቶግራፍ አድርጎ ሊቀርብ ይችላል። የ40 ዓመት ጐልማሳ የ14 ዓመት ልጃገረድ ነኝ ቢል በመጀመሪያው ቀን የሚያጋልጠው የለም። ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒውተር ጥበብ የሌለን ሰው ፊት ይሠራል፤ የሚያውቁትን ሰው ድምፅ ያስመስላል፤ የአንዲትን ልጅ ፊት ከሌላ ዕርቃን ገላ ጋር ገጥሞ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ ያሳያል። ስለዚህ በዐይን የታየ ሁሉ እውነት ነው የሚለው ልማዳችን ዛሬ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኩባንያዎቹም የዕድሜ ወሰን አበጅተዋል። በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የወጣው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ምሥጢር ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለ ከለከለ፥ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ አንቀበልም ይላሉ። ነገር ግን ልጁ የልደት ዘመኑን ለውጦ የጻፈ እንደ ሆነ በቀላሉ ይገባል። አውስትራሊያ ደግሞ ወሰኑን ወደ 16 ዓመት ከፍ አድርጋ፥ ጥበቃው የልጁና የወላጁ ብቻ ሳይሆን የኩባንያዎቹ ግዴታ እንዲሆን ያወጣችው ሕግ ከታኅሣሥ ወር 2025 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር በሥራ ላይ ውሏል። የእኛ ልጅ ግን ዛሬ ማታ ስልክ ይዞ ይተኛልና የሌላውን አገር ሕግ ስንጠብቅ ልንቀመጥ አንችልም።

አታላይ እንዴት እንደሚቀርብ

አታላይ በአንድ ጊዜ ክፉ ነገር አይጠይቅም። እንደ ወጥመደኛ አስቀድሞ እህል ይበትናል። ልጁ ስለ ራሱ የጻፈውን ያነባል፤ የትምህርት ቤቱን ስም፥ የሚወደውን ጨዋታ፥ ያዘነበትን ነገር ይለቅማል። ከዚህ በኋላ ያመሰግነዋል፤ «እንዳንተ ያለ ዐዋቂ አላየሁም»፥ «እንዳንቺ ያለች ቆንጆ የለችም» ይላል። የስልክ ካርድ ይልካል፤ ሲያዝን ያጽናናል። ቤት ውስጥ ቁጣ እንጂ ምስጋና የማይሰማ ልጅ ለዚህ ቃል ቶሎ ይረታል።

ቀጥሎ «እዚህ ብዙ ሰው ያየናል፤ ለብቻችን እንነጋገር» ይልና ወደ ስውር መነጋገሪያ ይወስደዋል። ከዚያም «ይህ የሁለታችን ምሥጢር ነው፤ ለእናትህ እንዳትነግራት» ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ከምልክቶች ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ደግ ሰው ልጅን ከእናቱ የሚሰውር ምሥጢር አያሸክመውም። ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ ይለምናል፤ አስቀድሞ የፊት፥ ኋላ የገላ። ያን ያገኘ ዕለት ቋንቋው ይለወጣል፤ ልመናው ማስፈራሪያ ይሆናል፤ «ሌላ ካልላክህ፥ ወይም ገንዘብ ካልሰጠህ፥ ለወላጆችህና ለትምህርት ቤትህ ሁሉ እልከዋለሁ» ይላል።

ይህ ነገር ሴቶች ልጆችን ብቻ የሚያገኝ የሚመስለው ሰው አለ። እንደዚህ አይደለም። ኤፍ ቢ አይ የተባለው የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ለመንጠቅ ሲባል በሚደረገው በዚህ ማስፈራሪያ ይልቁንም ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች እንደሚጠመዱ አስጠንቅቋል። ወንድ ልጅ ደግሞ «ወንድ አይደለህምን?» እንዳይባል ፈርቶ ከሴቲቱ ይልቅ አፉን ይዘጋል።

አታላዩ ሁልጊዜ የሩቅ ሰው ነው ማለትም ስሕተት ነው። ዩኒሴፍ፥ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባሉት ድርጅቶች ኢትዮጵያ ባለችበት በ13 የአፍሪካና የእስያ አገሮች ያደረጉት ምርመራ እንደ ገለጸው፥ በኢንተርኔት ልጆችን ከሚበድሉት ብዙዎቹ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጉዳት ከደረሰባቸውም ልጆች ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩም። እንግዲህ ዘመድም፥ ጎረቤትም፥ ባልንጀራም ሲሆን ይችላል።

በአገራችን ገጠር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እርሱም የደላላ ወጥመድ ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ ያማረ ቤትና መኪና እያሳየ፥ ያለ ገንዘብ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አውሮፓ እወስዳለሁ የሚል ሰው ወጣቶችን ከትምህርት ገበታ ያነሣል። ከቤት ተሰውሮ የሄደው ልጅ በመንገድ ላይ ተይዞ፥ ሲገረፍ የተቀረጸ ምስል ለወላጆቹ ተልኮ፥ ቤዛ ክፈሉ እንደሚባሉ ከናንተ ብዙዎች ሰምታችኋል። በሬውን ሸጦ የከፈለም አለ። ይህም እንደ ፊተኛው በምስጋና ይጀምራል፥ በምሥጢር ይቀጥላል፥ በማስፈራሪያ ይፈጸማል።

አማንዳ ቶድ የምትባል ልጅ ታሪክ

በካናዳ አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ አገር በፖርት ኮኪትላም ከተማ አማንዳ ቶድ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ካሮል ቶድ መምህርት ናት። አማንዳ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ሆና በኢንተርኔት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ትነጋገር ነበር። ከነርሱም አንዱ መልኳን እያመሰገነ ደረቷን ገልጣ እንድታሳየው ለመናት፤ እርሷም በልጅነት አእምሮ ለአንድ አፍታ አደረገችው። ያች አፍታ ተቀርጻ ቀረች።

ከጊዜ በኋላ ሰውየው ስሟን፥ ትምህርት ቤቷን፥ የዘመዶቿንና የጓደኞቿን ስም ሁሉ ዐውቆ «የበለጠ ካላሳየሽኝ ይህን ለሁሉ እልከዋለሁ» ሲል ጻፈላት። እንቢ ባለችው ጊዜ ላከው። ወላጆቿ ለፖሊስ አመለከቱ፤ ትምህርት ቤትም ለወጡላት። ሰውየው ግን በሌላ የሐሰት ስም ተከትሎ ከአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ወዳጅነት ጀመረ፤ ፎቶግራፉንም እዚያ አደረሰው። አብረዋት የሚማሩት ተሳለቁባት፤ ራቁባትም፤ ምሳዋንም ብቻዋን ትበላ ነበር። በመስከረም ወር 2012 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ አንዲት ቃል በአፏ ሳትናገር በወረቀት የጻፈችውን ታሪኳን ገጽ በገጽ እያሳየች በኢንተርኔት ለሰው ሁሉ ገለጠች። ከአንድ ወር በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን፥ በ15 ዓመት ዕድሜዋ በገዛ እጇ ሕይወቷ ዐለፈ።

በዳዩ ውቅያኖስ ተሻግሮ በኔዘርላንድስ የሚኖር ጐልማሳ ሆኖ ተገኘ። በ2014 በዚያው አገር ተያዘ፤ በሌሎች ብዙ ሰዎች ላይ ስላደረሰው በደል በ2017 ተፈረደበት፤ ኋላም ወደ ካናዳ ተወስዶ ዐቃቤ ሕግ 22 የሐሰት ስሞች እንደ ተጠቀመ አስረዳበትና በ2022 ጥፋተኛ ተብሎ 13 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እናቷም ከልጇ ሞት በኋላ በዚህ ነገር ወላጆችንና ልጆችን በማስተማር ትታወቃለች።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ለማስፈራራት አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ስላለው ነው። ሕጉ በዳዩን አግኝቷል፤ ነገር ግን ልጅቱ ከሞተች 10 ዓመት ዐልፎ ነበር። በዳዩ በሩቅ አገር ነበረና በየቀኑ ሊደርስባት የሚችለው በስልክ ብቻ ነበር። በየቀኑ ፊቷን የሚያዩት ግን በአንድ ክፍል አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች ነበሩ። እነርሱ ቢያቅፏት ኖሮ የሰውየው ፎቶግራፍ ኃይል ባነሰ ነበር። ማስፈራሪያው ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ይንቁሻል» በሚለው ነው። እኛ ካልናቅናት አስፈራሪው ባዶ እጁን ይቀራል።

ነውሩ የማን ነው?

በአገራችን ነውርና ይሉኝታ ትልቅ ኃይል ናቸው፤ ብዙ ክፋትንም ይከለክላሉ። ነገር ግን ነውሩ ያለ ቦታው የተጫነ እንደ ሆነ የተበደለውን ይገድላል፥ በዳዩንም ይሸሽጋል። የአንዲት ተማሪ ፎቶግራፍ በመንደር ስልኮች ሁሉ የዞረ እንደ ሆነ ምን እናደርጋለን? አባት «አዋረደችኝ» ብሎ ይመታታል፤ ከትምህርት ያስቀራታል፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ቢከለክልም «ስሟ ሳይጠፋ» ብሎ ለመዳር ይቸኩላል። ፎቶግራፉን ያዞረው ጐረምሳ ግን በገበያ ቀን በአደባባይ ይሄዳል። ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው። ሌባ ቤት ሰብሮ በገባ ጊዜ ባለቤቱን «በርህን ለምን በጨርቅ መወተፊያ ዘጋህ» ብለን ብንገሥጸውም ሌባ ነህ ብለን አናስረውም። ልጅም ስታ እንደ ሆነ ትመከራለች፤ የወንጀሉ ባለቤት ግን ያታለላት፥ ያስፈራራትና ፎቶግራፉን ያካፈለው ሰው ነው።

ሕጋችንም ይህንኑ ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ12ኛው አንቀጹ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የሚያሳይ የዝሙት ምስል ማዘጋጀትን፥ ማስተላለፍንና ይዞ መገኘትን ጭምር ከልክሎ ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እንግዲህ እንደዚህ ያለ ምስል በስልኩ ደርሶት «ለማሳየት ያህል» ብሎ ለባልንጀራው የሚልክ ሰው፥ ሽማግሌም ቢሆን መምህርም ቢሆን፥ የወንጀሉ ተካፋይ መሆኑን ይወቅ።

መምህራን ሊያስተምሩት የሚገባ

ኢንተርኔት በማይደርስበት ትምህርት ቤት እንኳ ይህን ትምህርት መስጠት ይቻላል፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃልና። ልጆች ከ4ኛ ክፍል ጀምረው የሚከተለውን በቃላቸው ቢይዙ መልካም ነው።

1ኛ፤ በዐይኔ አይቼ የማላውቀው ሰው በስልክ ወዳጄ ነኝ ቢል እንግዳ ነው። ስሜን፥ ትምህርት ቤቴን፥ መንደሬንና የምሄድበትን ሰዓት አልነግረውም።

2ኛ፤ የምሥጢር ቁጥሬን ለእናትና ለአባቴ እንጂ ለሌላ አልሰጥም። የቴሌብርን የምሥጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣን ቁጥር «ሽልማት ደርሶሃል፤ ንገረኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

3ኛ፤ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሊሰቀል የማይገባ ፎቶግራፍ ለማንም አልልክም፤ የሌላውንም ልጅ አላካፍልም።

4ኛ፤ «ለማንም አትንገር» የተባልሁትን ነገር ያን ዕለት ለማምነው ታላቅ ሰው እናገራለሁ።

5ኛ፤ ባልንጀራዬ የተበደለ እንደ ሆነ አልስቅበትም፤ ምሳዬን ከእርሱ ጋር እበላለሁ።

አምስተኛይቱን ቃል መምህሩ እንዳያቃልላት እንለምናለን። ሌሎቹ አራቱ ልጁን ከጉዳት ይጠብቁታል፤ እርስዋ ግን ከጉዳት በኋላ ታተርፈዋለች። ትምህርቱም በቃል ብቻ እንዳይቀር መምህሩ ጨዋታ ያድርገው። አንዱን ተማሪ ከሰሌዳው ጀርባ አቁሞ ድምፁን ለውጦ እንዲናገር፥ ሌሎቹም ማን እንደ ሆነ እንዲገምቱ ያድርግ። ሁለት ሦስት ጊዜ በተሳሳቱ ጊዜ የሐሰት ስም ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ንግግር ይረዱታል።

ወላጆችና ሽማግሎች ሊያደርጉት የሚገባ

በቤት ውስጥ ስልኩ ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት በምድጃው ዙሪያ ይሁን፤ ማታ ልጁ ይዞት አይተኛ፤ ከታላላቆቹ አጠገብ ይደር። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁን «ይህን ነገር አሳየኝ፤ ይህ የምታነጋግረው ሰው ማነው? የማን ልጅ ነው? በምን ተዋወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የደጁን ጥያቄ በስልኩም ላይ መጠየቅ ይህ ነው። ልጁም ለአባቱ ሲያስረዳ ይከበራል፤ በዚያውም መነጋገርን ይለምዳል። ማንበብ የሚችለው ደግሞ የልጁን ገጽ የሚያውቁት ሰዎች ብቻ እንዲያዩት አድርጎ መዝጋትን ከመምህሩ ይማር።

የልጅ ጠባይ ሲለወጥ አስተውሉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ፥ ሰው ሲቀርበው ስልኩን የሚሸሽግ፥ ከጨዋታ የራቀ፥ እንቅልፍና መብል የቀነሰ፥ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ገንዘብ ወይም ልብስ የያዘ፥ ወይም ገንዘብ ከቤት መውሰድ የጀመረ ልጅ የተሸከመው ነገር አለ። ልጅም ነገሩን በቀጥታ አይጀምርም፤ «አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሆነ» ይላል። ሰምና ወርቅን መለየት ለሽማግሎች ትምህርት አያሻውም፤ የጓደኛው ነገር ሰሙ ነው፥ ወርቁ ራሱ ልጁ ነው። «ጓደኛህ ማነው?» ብላችሁ አትፋጠጡት፤ «ለጓደኛህ ምን ብናደርግለት ይሻላል?» ብትሉት ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይመጣል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ

ልጁ መጥቶ በተናገረባት በዚያች ሰዓት የሚነገረው የመጀመሪያው ቃል ከሁሉ ይበልጣል። «ምን ቀበጠህ? ማን ስልክ ያዝ አለህ?» የተባለ ልጅ ዳግመኛ አይናገርም፤ አስፈራሪው «ቢሰሙ ይጥሉሃል» ያለው እውነት ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ እንዲህ በሉት፤ «ልጄ፥ እንኳን ነገርኸኝ። ያጠፋው ያታለለህ ሰው ነው። ከእንግዲህ ብቻህን አይደለህም።» ምክርና ተግሣጽ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ለአስፈራሪው ገንዘብ አይከፈል፥ ሌላም ፎቶግራፍ አይላክ፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ነገ ደግሞ ይጠይቃልና። መልስም አይሰጠው። ነገር ግን መልእክቶቹ፥ የተጠቀመበት ስም፥ የስልክ ቁጥሩና የላከበት ቀን ማስረጃ ስለ ሆኑ አይደምሰሱ፤ በወረቀትም ተጽፈው ይያዙ። የልጁ ፎቶግራፍ ግን ማስረጃ ነው ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ነገሩም ለፖሊስና በወረዳው ለሴቶችና ለሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይነገር። ሽማግሎች ነገሩን በእርቅና በካሣ ሸፍነው እንዳያስቀሩት እንለምናለን፤ እርቅ በእኩሎች መካከል መልካም ነው፥ ልጅና ልጅን የበደለ ሰው ግን እኩሎች አይደሉም።

ፎቶግራፉን ከኢንተርኔት ለማስወገድም መንገድ አለ። የጠፉና የተበደሉ ልጆችን የሚረዳው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል ከ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ያለ ዋጋ የሚሠራ አገልግሎት አቁሟል። በዚህ አገልግሎት ፎቶግራፉ ራሱ ከልጁ ስልክ አይወጣም፤ እንደ ጣት አሻራ የሆነ የቁጥር ምልክት ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ ተባባሪ ኩባንያዎች ይሰጣል፤ እነርሱም ያን ምልክት የሚመስለውን ፈልገው ያስወግዳሉ። ሁሉን አያጠፋም፤ ቢሆንም ልጁ «ምንም ሊደረግ አይችልም» ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይረዳል።

በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ መምህሩ ልጁን በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ይመልሰው፤ ከሚወዱት ልጆች ጋር ያስቀምጠው፤ የሚሳለቅበትንም በጊዜ ይገሥጽ። ልጁ ለብቻው ተቀምጦ ሲያዝን፥ ስለ ሞት ሲናገር፥ ወይም የሚወደውን ዕቃ ለሰው ሲያድል የታየ እንደ ሆነ ለአንድ ሌሊት እንኳ ብቻውን አይተው፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንዳይደርስብን በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ ይህን ነገር አንሡ። በሰንበቴ፥ በእድርና በቡና ላይ ተነጋገሩበት። በየመንደሩም ልጆች ያለ ፍርሃት የሚሄዱባቸውን አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ በሰው ዘንድ የተመሰገኑ፥ ምሥጢር የሚጠብቁ ሆነው መርጣችሁ ስማቸውን ለልጆቹ ንገሯቸው። የእንግዳውን መንገድ ሁሉ መዝጋት አይቻልም፤ ልጁ በመሸበት ሰዓት ሮጦ የሚገባበት በር ግን በእጃችን ነው፤ እርሱ ክፍት ይሁን።